ማን ነው የሚያበላው?

ክሊኒካችን የሚከፈተው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰው ግን ቀድሞ ይደርሳል። አንዷ ድመቷን በነጠላዋ ጠቅልላ አቅፋለች፤ አንድ ጎረምሳ የሁለት ወር ቡችላ በካርቶን ይዟል፤ ከበሩ ራቅ ብሎ ደግሞ አንድ የግቢ ጠባቂ ውሻ ሰንሰለቱን እየጎተተ መንገደኛውን ሁሉ ያስፈራራል። ገና ካፖርቴን ሳልለብስ ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «ዶክተር፣ ምግብ እምቢ አለ።»

ምግብ እምቢ ማለት የብዙ በሽታ መግቢያ ነው። በየትኛው በር እንደምገባ ታማሚው አይነግረኝም፤ አፍ የለውም። የእኛ ሙያ ግማሹ በእጅ የሚሠራ ነው፤ መዳበስ፣ ማዳመጥ፣ መለካት። ሌላው ግማሽ መጠየቅ ነው። ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ግማሽ ነው። መድኃኒት አጥቼ ካጣኋቸው እንስሳት ይልቅ፣ መጠየቅ የነበረብኝን ሰው ባለመጠየቄ የተጎዱት ዛሬም ያንገበግቡኛል።

ሙያውን የተማርኩት ቢሾፍቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በተቋቋመው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ነው። ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ አገር ናትና ትምህርታችንም የሚያዘነብለው ወደ በሬው፣ ወደ ላሟ፣ ወደ በጉና ወደ አህያው ነበር። እዚያ አንድ ልማድ ይዤ ወጣሁ፦ በሬውን በገመድ ስቦ ያመጣውን ሰው መጠየቅ። ገበሬው መቼ ማመስኳት እንዳቆመ፣ የት ሲግጥ እንደዋለ፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋ ሳይጠየቅ ይተርክልሃል። ከበሬው ጋር አንድ ጣራ ሥር ያድራልና።

አዲስ አበባ ስገባ ይህ ልማድ አሳሳተኝ። የከተማ ውሻ ባለቤቱ አንድ፣ አሳዳሪው ብዙ ነው። ክትባቱን የሚከፍለው አባወራው ነው። ምግቡን የምትሰጠው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ማታ ከሰንሰለቱ የሚፈታው፣ ጠዋት መልሶ የሚያስረው ዘበኛው ነው። ከእጃቸው ብስኩት የሚያጎርሱት ልጆቹ ናቸው። ሁሉም ከታሪኩ ትንሽ ትንሽ ይዘዋል። ወደ ክሊኒክ የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ መኪና ያለው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ይውላል።

ይህን በደንብ ያስተማረኝ ቡቺ የሚባል ውሻ ነው። ዓቢይ ጾም ሊፈታ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት መጣ። 12 ኪሎ የሚመዝን ቡናማ የሐበሻ ውሻ። «ሁለት ቀን ሆነው፤ አይበላም፣ ሽንቱም እንደ ሻይ ጠቁሯል» አሉ እመቤቲቱ። የላይኛ ከንፈሩን ገለጥ አድርጌ ድዱን አየሁ፤ ወረቀት መስሏል። ጆሮው ውስጥ አራት መዥገሮች ተጣብቀዋል። መዥገር፣ የነጣ ድድና የጠቆረ ሽንት ሲገናኙ የሐኪም ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ባቤዥያ ነው። ይህ በመዥገር የሚተላለፍ፣ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ሴሉን የሚያፈነዳ ተሕዋስ ነው። «የተለየ ነገር በልቷል?» አልኳቸው። «ምንም፤ የለመደውን ነው» አሉኝ። የደም ጠብታ መስታወት ላይ ዘርግቼ በማይክሮስኮፕ ፈለግሁ፤ ተሕዋሱን አላገኘሁም። አላየሁትም ማለት የለም ማለት አይደለም ብዬ የባቤዥያውን መርፌ ወጋሁት።

ቅዳሜ ሲመለስ ድዱ ይበልጥ ነጥቷል። በዚያ ቀን ይዛው የመጣችው የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ሃያ ዓመት የሚሆናት ልጅ። ቡቺ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም። ስትንቀሳቀስ በዓይኑ ይከተላታል፤ ስትቆም ጅራቱን አንዴ ያነቃንቃል። መጠየቅ የነበረብኝ እሷን መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

«እህቴ፣ በዚህ ጾም ቡቺ ምን ሲበላ ከረመ?»

አንገቷን ደፋች። «እትዬ ይቆጡኛል።»

«እኔ ጋ የሚቆጣሽ የለም። እንዲድንልን ነው የምጠይቅሽ።»

ቀስ እያለች ነገረችኝ። ጾም ስለሆነ ሉካንዳ ቤት የሚሄድ የለም፤ ለውሻው ይገዛ የነበረው ሳንባም ቀርቷል። ቡቺ የከረመው በተረፈው የሽሮና የምስር ወጥ ነው። ባለፈው እሑድ ደግሞ ቤቱ ማኅበር ነበረበት። ትልቁ ድስት ተጥዶ፣ ሽንኩርቱ ሲቁላላ ለሌላ ሥራ ተጠራች፤ ስትመለስ ቁሌቱ አርሯል። እመቤቲቱ ሳያዩ ሌላ ከትፋ ጣደች፤ ያረረውን በእንጀራ ፈትፍታ ለቡቺ ሰጠችው። «ከሚደፋ ብዬ ነው፤ ጠግቦ እንዲያድር» አለችኝና እንባዋ መጣ።

ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትም ጭምር፣ ለሰው መድኃኒት ቢሆን ለውሻና ለድመት መርዝ ነው። በውስጡ ያሉት ሰልፈር ያለባቸው ንጥረ ነገሮች ቀይ የደም ሴላቸውን እየጎዱ ያፈራርሱታል። ውሻን ለመጉዳት በአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ይበቃል። ለቡቺ ከ180 ግራም ጀምሮ ማለት ነው፤ ሁለት መካከለኛ ራስ ሽንኩርት። ለድመት በኪሎ 5 ግራም ብቻ ሊበቃት ይችላል። መቁላላትም መቀቀልም አያረክሰውም። በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ሲበላም ጉዳቱ ይጠራቀማል። ምልክቱ የሚታየው ደግሞ ከቀናት በኋላ ስለሆነ፣ ሰው በሽታውን ከእሑዱ ድስት ጋር አያገናኘውም።

የደሙን ጠብታ በሌላ ቀለም አቅልሜ እንደገና ሳየው፣ ሄንዝ የሚባሉት ጥቃቅን ጉብታዎች በሴሎቹ ጠርዝ ላይ ወጥተዋል። የአንድ ደንበኛችን ትልቅ ጤነኛ ውሻ ደም ሰጠው፤ ፈሳሽ ተሰጠው፤ ሽንኩርት የሌለበት ቅንጬ በሥጋ እንዲበላ ሆነ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ድዱ መልሶ ቀላ። ሁለት ቀን ግን አባክኜበታለሁ፤ ያባከንኩትም እውቀት አጥቼ ሳይሆን አንድ ሰው ሳልጠይቅ በመቅረቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ በምርመራ ካርዳችን ላይ ከስም፣ ከዕድሜና ከክብደት ቀጥሎ አንድ መስመር ጨመርን፦ ማን ነው የሚያበላው? ሰውየው ወይም ሴትየዋ አብረው ካልመጡ ስልክ እንደውላለን። የጥያቄዬንም አጠያየቅ ለወጥኩ። «ምን አበላችሁት?» የሚለው ውስጡ ክስ አለበት፤ የሚጠየቀው ሰው ራሱን ይከላከላል። «ትናንት ከማዕዱ ምን ተረፈ? የተረፈውስ የት ሄደ?» ስል ግን መልሱ ያለ ፍርሃት ይመጣል። በሐኪም ፊት የሚፈራ ሰው እውነቱን ይውጠዋል፤ ዋጋውን የሚከፍለው እንስሳው ነው።

በዚህ መንገድ ስጠይቅ በየቤቱ ተደብቆ የነበረ ብዙ ነገር ወጣ። አንዱ የመድኃኒት ነገር ነው። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ የድመትም ከዚህ አይርቅም። የእኛ 37 አካባቢ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ድመት ስትዳሰስ ለሰው እጅ ትሞቃለች። «አተኮሳት» ይባልና አንድ ፓራሲታሞል ይሰጣታል። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን አጣርቶ ማስወገድ አይችልም፤ አንዲት ባለ 500 ሚሊ ግራም እንክብል ልትገድላት ትችላለች። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። የሰጠው ሰው የሰጠው በፍቅር ነው፤ ለዚህም ነው ሳይጠየቅ የማይናገረው። የአፍንጫ መድረቅም የትኩሳት ማረጋገጫ አይደለም። ጥርጣሬ ካለ ሙቀቱን በቴርሞሜትር እንለካዋለን።

ዘበኛውን ደግሞ «አባባ፣ መዥገሩን በምን አጠቡለት?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ለከብትና ለበግ የሚሸጠው ዲያዚኖን ነው፤ በግምት የተበጠበጠ። ሲበዛ በቆዳው ገብቶ፣ ሲልሰውም በአፉ ገብቶ ለሃጩን ያዝረበርበዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ለውሻ የተዘጋጀ የመዥገር መድኃኒት በክብደቱ ልክ ተለክቶ ይሰጥ። ለውሻ የተሠራውን ደግሞ ሐኪም ሳይጠይቁ ለድመት አይስጡ።

በበዓል ማግስት የምጠይቀው ያረደውን ሰው ነው። በጉ ሲታረድ ሳንባውና ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ከታየ «ይሄስ ለውሻ ይሁን» ተብሎ ይወረወራል። በእባጩ ውስጥ ያለው የኢኪኖኮከስ ትል ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል። ውሻው ጤነኛ መስሎ ሳለ የትሉን እንቁላል በዓይነ ምድሩ ግቢው ውስጥ ይበትነዋል። እንቁላሉ በልጅ እጅ ወይም ባልታጠበ ሰላጣ ወደ ሰው ሲገባ፣ ያው እባጭ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ይወጣል፤ ማውጫው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። ስለዚህ እባጭ የታየበት ሥጋ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል። የፋሲካው የዶሮ አጥንትም እንደዚሁ ለውሻ አይሰጥ፤ የበሰለ አጥንት እንደ ስንጥር እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል።

ቡችላ በደም የተቀላቀለ ተቅማጥ ይዞ ሲመጣ ጥያቄዬ አጭር ነው፦ «ከዚህ በፊት በዚህ ግቢ ቡችላ ሞቶ ነበር?» የፓርቮ ቫይረስ በመሬት ላይ ለወራት ይቆያል። ሲሚንቶውን አጥቦ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጦ ማርከስ፣ አዲሱን ቡችላ ደግሞ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ክትባት ማስጀመር፣ ከዚያም በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት መቀጠል ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝን ጥያቄ የማቀርበው ለልጆች ነው። ውሻው ጠባዩ ተለወጠ፣ ያገኘውን ይነክሳል፣ መዋጥ አቃተው፣ ድምፁ ጎረነነ ሲሉኝ ጓንቴን አድርጌ፣ ከልጆቹ ፊት ቁጢጥ ብዬ «ማንን ነክሷል? ማንን ቧጭሯል?» እላለሁ። ልጅ ይደብቃል። እንዳይገረፍ ይደብቃል፤ ከዚያም በላይ ውሻው እንዳይገደልበት ይደብቃል። አንድ ጊዜ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ምንም ሳይናገር ሱሪውን ሰበሰበና ከጉልበቱ ሥር የደረቀ ጭረት አሳየኝ። እናቱ አላወቁም ነበር። ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም ሄዱ፤ ልጁ ክትባቱን እስከ መጨረሻው ተከተበ። ውሻው በአራተኛው ቀን ሞተ። ልጁ ዛሬ ረጅም ጎረምሳ ሆኗል።

የእብድ ውሻ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ከምልክቱ በፊት ግን በእጃችን ነው። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን በተነከሰ ልጅ ላይ ከሞከረበት ከእ.ኤ.አ. 1885 ጀምሮ ይህ ይታወቃል። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ ክትባቱን ግን አያስቀር፣ አያዘግይም። ነካሹ ውሻ ጤነኛ ከመሰለ አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ።

«ለሰው ሐኪም ባልበቃበት አገር የውሻ ሐኪም?» የሚሉኝ አሉ። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱ ሰዎች 99 በመቶው በሽታው የሚደርስባቸው ከውሻ ነው። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ስርጭቱ ይቆማል። ውሻውን በሦስተኛ ወሩ ስወጋው የምከትበው ከአጥሩ ማዶ ኳስ የሚጫወተውን ልጅ ጭምር ነው። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው ብሂል ለእኔ የዕለት ሥራዬ ነው።

ስለዚህ አሁን አንድ እንስሳ ከክሊኒካችን ሲወጣ ምክሩን የምሰጠው ለሚያበላው ሰው ነው። ጠረጴዛው ጋ አስጠግቼ ድድ መመልከትን አሳያለሁ። ከንፈሩን ገለጥ ማድረግ፤ ድዱን በጣት ጫን አድርጎ መልቀቅ፤ የነጣው ቦታ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መልሶ ከቀላ ደህና ነው። ከዘገየ፣ ወይም ድዱ ከመጀመሪያውም ነጭ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ሳይውል ሳያድር መምጣት። ስልክ ቁጥራችንንም በካርቶን ጽፈን ወጥ ቤቱ በር ላይ እንዲለጠፍ እንሰጣለን።

ከቡቺ ሕመም ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። «ዶክተር፣ የቡቺ ነኝ» አለች፤ ድምፅዋን ወዲያው አወቅሁት። «ጋሼ ዛሬ ለአይጥ መርዝ ሊያስቀምጡ ነው። ቡቺን የት ላድርገው?»

መርዙ ውሻ ሊደርስበት የማይችል የተዘጋ ሣጥን ውስጥ እንዲሆን፣ የሞተ አይጥ ከተገኘ በቶሎ እንዲነሳ፣ ማሸጊያው እንዳይጣል፣ ምናልባት ቢቀምሰው ይዛው እንድትመጣ ነገርኳት። አመሰገነችኝና ዘጋች። የቡቺን ካርድ አውጥቼ ቀኑን ጻፍኩ። የበሽታው ስም የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ተውኩት።