ከመርፌው በፊት ያለው አንድ ሰዓት

ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) ሊገባለት የተዘጋጀ ልጅ እጅ ላይ የማደንዘዣ ቅባት ስቀባ፣ እናቶች «ሲስተር፣ አሁን ሊወጋ ነው?» ይሉኛል። ገና አንድ ሰዓት እንጠብቃለን ስላቸው ቅር የሚላቸው አሉ። እኔ ግን በሕፃናት ክፍል ነርስነቴ ከምኮራባቸው ሥራዎች አንዱ ይህን ሰዓት አለማሳጠር ነው።

ቆዳ መድኃኒት እንዲያስገባ አልተፈጠረም። የላይኛው ሽፋኑ ከወረቀት ቢሳሳም፣ የሞቱ ህዋሳት ተደራርበውበት፣ በመካከላቸው ስብ ሞልቶ ውሃን የሚመልስ አጥር ነው። ሕመም የሚቀበሉት የነርቭ ጫፎች ያሉት ከዚያ በታች ነው። በቅባቱ ውስጥ ካሉት ሁለት ማደንዘዣዎች አንዱ፣ ሊዶኬይን፣ ብቻውን ዱቄት ሲሆን የሚቀልጠው በ68 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሌላው፣ ፕሪሎኬይን፣ በ37 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ሁለቱ እኩል ሲቀላቀሉ ግን በ18 ዲግሪ ገደማ ይቀልጡና በክፍል ሙቀት ዘይት ሆነው ይቆያሉ። ኤምላ የተባለው ቅባት ከእያንዳንዳቸው 2.5 በመቶ ይዟል፤ መድኃኒቱ ራሱ የዘይት ጠብታ ስለሆነ በስቡ መካከል ሰርጎ ይገባል። ይህን ያሰበ አእምሮ ዛሬም ይደንቀኛል።

መድኃኒቱ ነርቩ ዘንድ ሲደርስ ሶዲየም የሚገባበትን በር ከውስጥ በኩል ይዘጋል፤ የሕመሙም መልእክት ወደ አንጎል አይሄድም። መነካትና መጫን ግን ሊሰሙ ይችላሉ። ስለዚህ ልጁን «ምንም አይሰማህም» አልለውም። «ስነካህ ይታወቅሃል» እለዋለሁ። የተዋሸ የመሰለው ልጅ በሚቀጥለው ቀን እጁን አይሰጥም።

ቅባቱን አላሸውም፤ በወፍራሙ አኑሬ በላስቲክ ፕላስተር እሸፍነዋለሁ። በአንድ ሰዓት ወደ 3 ሚሊ ሜትር፣ በሁለት ሰዓት ወደ 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያደነዝዛል። አንዱ ደም ሥር እምቢ ሊል ስለሚችል ሁለት ቦታ እቀባለሁ። ቆዳው ነጣ ብሎ ደም ሥሩ ከጠበበም፣ ቅባቱን ጠርጌ ጥቂት እታገሣለሁ።

የማልደራደረው በመጠኑ ላይ ነው። ፕሪሎኬይን ሲበዛ ደምን ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ሊያሳጣው ይችላል፤ ከሦስት ወር በታች ላለ ሕፃን ከ1 ግራም፣ ከአንድ ሰዓትም አይበልጥም። በተላጠ ወይም በቆሰለ ቆዳ ላይማ አጥሩ ስለሌለ መድኃኒቱ ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2007 ማስጠንቀቂያ ያወጣው፣ ለሌዘር ፀጉር ማስወገጃ ብለው እግራቸውን ጠንካራ ማደንዘዣ ቀብተው በላስቲክ የጠቀለሉ ሁለት ወጣት ሴቶች ከሞቱ በኋላ ነበር። ልጃቸውን ቤት ቀብተው ይዘው የሚመጡ ወላጆችን መጀመሪያ የምጠይቃቸው በስንት ሰዓት እንደቀቡና ምን ያህል ገላ እንደሸፈኑ ነው።