ሕልሙ አለ፣ ፈቺው የለም

እኛ ውርጌሳ ክፉ ሕልም ያየ ሰው ጠዋት ቡና ላይ ዝም ብሎ አይዘከዝከውም፤ ለማን እንደሚነግር ይመርጣል። ሕልም እንደ ፈቺው ነዋ! የሊንዳ ሃዋርድን «ድሪም ማን» አንብቤ ስጨርስ የጎደለኝ ይሄ ፈቺ ነው።

ማርሊ ኪን ኦርላንዶ ውስጥ ባንክ ትሠራለች፤ ከሰው ርቃ ነው የምትኖረው። አንድ ማታ መኪና እየነዳች አንዲት ሴት በጩቤ ስትገደል ታያለች፣ ያውም በገዳዩ ዓይን። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ስትናገር መርማሪው ዴን ሆሊስተር መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሷኑ ነው። ምን ያድርግ? ቤት ተዘግቶ የተፈጸመን ግድያ እንዲህ በዝርዝር የሚያውቅ ሰው ወይ እዚያ ነበር፣ ወይ የነበረውን ያውቃል። የመጽሐፉ ምርጥ ገጾች እነዚህ ናቸው። ዴን ልቡ እየሄደባት አያምናትም፤ ፍቅሩን የሚያሞቀውም ይኸው አለመተማመን ነው።

ግን እኮ እኛ አንባቢዎቹ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ንጹሕ መሆኗን እናውቃለን። ራእዩ አይሳሳትም፤ ደራሲዋ ራሷ ዋስ ሆናለታለች። ስለዚህ የዴን ጥርጣሬ መሳሳሙን ከማዘግየት የዘለለ ሥራ የለውም።

እኛ አገር ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ራሱን ይስታል፤ ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ ጌታው ይዞ ይከተለዋል። ልጁ ሄዶ ሄዶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተባለ፣ የጠፋውን ይከፍላል። ተረት እንዳይመስላችሁ፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ሳይቀር ይሠራበት ነበር፤ የተከለከለው በኋላ ነው። ልጁን ምን አየህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ጌታው ገመዱን ትንሽ ሳብ ቢያደርገውስ? ተከሳሹ ከማን ጋር ይከራከራል፣ ከእንቅልፍ ጋር?

«ድሪም ማን» ውስጥ ይሄ ተከሳሽ የለም። በማርሊ ራእይ ያለ ጥፋቱ የሚያዝ ሰው ስለሌለ፣ የሞቱት ሴቶችም የፍቅሩ ማጀቢያ ሆነው ይቀራሉ። እስጢፋን ኪንግ በ1979 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው «ዘ ዴድ ዞን» ጆኒ ስሚዝ አንድን ፖለቲከኛ በመጨበጡ ብቻ የሚመጣውን ጥፋት ያያል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስጨንቀው ያየው ሳይሆን ባየው ነገር ተነሥቶ ሰው ይግደል ወይስ አይግደል የሚለው ነው። ማርሊ እንዲህ ያለ ሌሊት አላደረችም።

መጽሐፉን አትንኩት እያልኩ አይደለም። መብራት በጠፋበት ማታ፣ የስልኬ ባትሪ እስኪያልቅ አላስቀመጠኝም። ሃዋርድ ገጽ ማስገለጥ ታውቅበታለች፤ ይሄ ቀላል ሙያ አይደለም።

ከእኛ መካከል ይህን ዓይነት ልቦለድ ሊጽፍ ያሰበ ካለ ግን፣ ልጁን ትቶ ልጁ ከተኛበት ቤት ይጀምርልኝ። ሰውየው በሩን ሲከፍት ደጁ በሰው ተሞልቷል፤ አንድ የማያውቀው ልጅ ደፉ ላይ ተዘርግቷል። ሚስቱ ከኋላው ቆማ አንዴ ልጁን፣ አንዴ እሱን ታያለች። እስካሁን ምንም አላለችም።