የዘመሮን ጠላ ያልቀመሰ ምን ጠጣ!

ዘመሮ ላይ አንዲት ጠላ ቤት አግኝቻለሁ፤ ሳልናገር ብቀር ሆዴ አይችለውም!

ዘመሮ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ ናት። መንዝ በምሥራቅ በተራራ ሰንሰለት፣ በምዕራብ በአዳባይና በወንጭት ሸለቆ የታጠረ፣ አብዛኛው ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ የሚጠጋ ደጋ ነው። ባሕር ያላቸው አገሮች የባሕሩን ዳር ይዘው ሲጓዙ ውለው ማምሻውን የጥንት መጠጥ ቤት ሲያገኙ ዓለም ይስማልን ይላሉ። እኛስ? እኛ አፋፍ አለን! የገደሉን ጫፍ ተከትሎ የሚሄድ፣ ገበያተኛው፣ እረኛውና አህያው ሲረግጡት የኖሩት የእግር መንገድ አለ። በአንድ ወገን የገብስና የባቄላ ማሳ፣ በሌላው ወገን ምድር ድንገት ታልቅና ታች ቆላው በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። ዓይን አይጠግብም። ነፋሱ ግን አይምርም፤ አጥንት ድረስ ይገባል። እንግዲህ እንዲህ ባለው መንገድ ውሎ ለመጣ ሰው፣ ከእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋች አንዲት ጣሳ ስትታየው ምን ማለት እንደሆነ የሄደ ያውቀዋል። ጠላ አለ ማለት ነው!

ቤቷ የድንጋይ ግድግዳ፣ የጓሳ ሣር ክዳን ናት። ባለቤቷ ሙያውንም ቤቱንም ከእናታቸው ወርሰዋል። ገና ደጃፉ ላይ ስደርስ «ግባ የኔ ልጅ፣ ብርድ ነው፤ ወደ ምድጃው ጠጋ በል» አሉኝ። ማን ነህ፣ ከየት መጣህ የለም፤ መጀመሪያ እሳት፣ ከዚያ ጥያቄ።

ቀና ብዬ ክዳኑን ሳየው ቆየሁ። የመንዝ ሰው ጓሳን እንደ ዘበት አላጨደውም። የመንዝ ቀደምት አባቶች የአስቦና የገራ ዘር የሆነው ባላገር የጓሳን ሜዳ በቄሮ ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እየጠበቀ፣ ለዓመታት ዘግቶ ሣሩ ሲደርስ በአንድነት ከፍቶ እያጨደ ኖሯል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ሜዳው ዛሬም በማኅበረሰቡ ጥበቃ ሥር ነው፤ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮውም አሉበት። ይህን የሚያህል ታሪክ ያለው ክዳን ሥር ተቀምጬ ነው የጠጣሁት!

አሁን ወደ ጠላው። አቤት ጠላ!

እትዬ ከቀዱት ላይ አስቀድመው ከመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀመሱና ሰጡኝ። ደጉ ልማድ እዚህ አልተረሳም። መልኩ ጥቁር ቡና የሚመስል፣ አናቱ ላይ ስስ አረፋ ያለው። መጀመሪያ የወይራው ጭስ አፍንጫን ይሞላል፤ ቀጥሎ ጌሾው ምላስን ያዝ ያደርጋል፤ ከዚያ፣ ሰው ዋጥኩት ብሎ ሲያበቃ፣ የተቆላው ገብስ ከጉሮሮ ተመልሶ ይጣፍጣል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በየሠፈሩ ጠላ ጠጥቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠመኝም፣ እውነቴን ነው።

ምሥጢሩን ጠየቅኋቸው። ምሥጢር የለውም፣ ድካም ነው ያለው አሉኝ። ጋኑ በግራዋ ታሽቶ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ከቆላ በገበያ የሚመጣው ጌሾ ተወቅጦ በውኃ ይጠነሰሳል። ጥንስሱ ቀናት ቆይቶ ብቅልና ቂጣ ይገባበታል። ገብሱ ደግሞ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ዱቄቱ በውኃ ታሽቶ ምጣድ ላይ እንደገና እየተማሰለ ይበስልና እንኩሮ ይሆናል። እሱ ሲቀዘቅዝ ከጥንስሱ ጋር ይዋሐዳል፣ ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ውኃ ይሞላና የጋኑ አፍ ይመረጋል። በዚህ ብርድ ጠላ አይቸኩልም፤ ቆላ ቢሆን ቶሎ የሚደርሰው እዚህ ቀን ይጨምራል፣ እትዬም አይቸኩሉም። ይህ ሁሉ እጅ የገባበትን ጠላ ያውም በርካሽ ሲሸጡት ሳይ እጅ መንሣት አማረኝ። አተላው እንኳ አይጣልም፣ ለከብት ይሆናል።

ምድጃው ዙሪያ ባና የደረቡ ሽማግሎች ነበሩ። ባናው የዚያው የመንዝ በግ ፀጉር ነው፤ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ ብርዱን የሚመክት። የባቄላ ቆሎ ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ፣ «በሞቴ!» እያሉ። ወሬያቸው ከበግ ዋጋ ተነሥቶ ነጋሢ ክርስቶስ ዘንድ ደረሰ። በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የሸዋን ሥርወ መንግሥት የመሠረቱት፣ እነ ሣህለ ሥላሴና ምኒልክ የተወለዱበት የዘር ሐረግ ምንጭ የሆኑት ነጋሢ ከዚሁ ከመንዝ ነው የተነሡት። ሽማግሎቹ ስለ እሳቸው ሲያወሩ ትናንት የተለዩ ጎረቤት ነው የሚያስመስሏቸው። የትኛው ሙዚየም ይህን ይሰጣል?

ደብረ ብርሃን ላይ የዳሸንና የሐበሻ ቢራ ፋብሪካዎች ቆመዋል፤ ሥራ ፈጥረዋልና እሰየው። የጠርሙሱ ቢራ ግን ገጠሩ ድረስ እየዘለቀ ነው፤ ጋን የሚያጥን እጅም እያነሰ ይሄዳል። እኔ የምሰጋው ይህን ነው። ጠላ ቤት የሚኖረው ጠጪ ሲኖረው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሂዱ! ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን፣ ከዚያ በጣርማበር በኩል ወደ መንዝ ውጡ። በገበያ ቀን ድረሱ፣ ወፍራም ልብስ ያዙ። አፋፉን መጀመሪያ ተጓዙት፣ ጠላውን በኋላ ጠጡ፤ ገደሉ ቀልድ አያውቅም። የተደፋችውን ጣሳ ስታዩ ጎንበስ ብላችሁ ግቡ፣ ከቅራሪው ሳይሆን ከዋናው ቅዱልን በሉ፣ ሒሳቡንም ሳትከራከሩ ክፈሉ።