የአስናቀች ወርቁ ቀልድ የት ገባ?

ስለ አስናቀች ወርቁ የተጻፈውን ብታገላብጡ «የመጀመሪያዋ» የምትለዋን ቃል አታጧትም። በ1940ዎቹ፣ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ሴት ሆነው በሚተውኑበት ጊዜ፣ መድረክ ላይ ከወጡት ቀደምት ሴቶች አንዷ ናት። ብሔራዊ ቴአትር ሠርታለች፣ ክራሯን ይዛ ዘፍናለች፣ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ አርፋለች። ይሄ ሁሉ ልክ ነው። ግን ይህን አንብቦ ዘፈኗን የሚከፍት ሰው ዋናውን ነገር ማንም አልነገረውም፤ አስናቀች ታስቃለች።

ሳቋ የተረበኛ ሳቅ ነው። አማርኛ ዘፈን ውስጥ የመጀመሪያው ስንኝ ብዙ ጊዜ ምንም የማያውቅ መስሎ ይገባል፤ ስለ ተራራ፣ ስለ ቡና፣ ስለ መንገድ ያወራል። ሁለተኛው ቤት ሲመታ ነው ጉዱ የሚፈላው። አስናቀች ይህን ክፍተት ታውቅበታለች። ክራሩን ትንሽ ታስጠብቀዋለች፤ ቃሉን ከመዝፈን ይልቅ እንደ ወሬ ትለቀዋለች። የምትወደውን እያቆላመጠች በዚያው ትሸነቁጠዋለች። ፍቅር ነው ሽሙጥ? ሁለቱም። ድምፁ ያዝናል፣ ቃሉ ይነካካል።

ይህ ሙያ ለብቻ አይሠራም። አዝማሪ ቤት የገባ ያውቀዋል፤ ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውራል፣ ዘፋኙ ተቀብሎ ያዜማል፣ የተነካው ሰው ደግሞ መልስ ይፈልጋል። ለንደን ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ነበር። የሙዚቃ አዳራሾቹ ንግሥት ማሪ ሎይድ (1870–1922 እ.ኤ.አ.) ጨዋ የሚመስል ግጥም በአንድ ጥቅሻ ባለጌ ማድረግ ትችል ነበር። ስትሞት ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤሊየት ስለ እሷ ሲጽፍ፣ አዝማቹን አብሮ የሚዘፍነው ሠራተኛ የትርኢቱን ከፊል ራሱ እየሠራ ነው የሚል ሐሳብ አንስቷል። «ተቀበል» ማለት ይኸው አይደል?

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮፒክስ ተከታታይ 16ኛ አልበም ለእሷ ተሰጠ፤ እሰየው፣ ያ ባይሆን የኔ ትውልድ አያገኛትም ነበር። ሆኖም ብስራተ ገብርኤል ቤቴ ቁጭ ብዬ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማት የምሰማው ግማሹን ነው። ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ይገባዋል፦ ሎጉ ላይ ምላሹ አለ፣ ጥያቄው የለም። የቱ ሰውዬ ነው የተሸነቆጠው? ማን ሳቀ? ማን ተኮሳተረ? አማርኛ የማይሰማ አድማጭማ ጭራሽ ሐዘኑን ብቻ ይዞ ይሄዳል። አይፈረድበትም። እኛ ግን ቋንቋው እያለን ከእሱ ጋር አብረን «እንዴት ታሳዝናለች» ማለታችን ይገርመኛል።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ ክብር የምንሰጥበት መንገድ ላይ ይመስለኛል። ድሮ በገና የእግዜር፣ ክራር የሰይጣን ነው ይባል ነበር። «አዝማሪ» ስድብ ነበር፤ ሴት ስትሆን ደግሞ ስድቡ በእጥፍ። ያን ግፍ ለመካስ ብለን አሁን «ንግሥት»፣ «ፈር ቀዳጅ»፣ «ባለውለታ» እንላታለን። ንግሥት ደግሞ አትራቀቅም፣ አትሳደብም፣ ሰው አታበሽቅም። ድሮ ቀልዷን ሰምተው ናቋት፤ እኛ አከበርናትና ቀልዷን መስማት ተውን። ሁለቱንም ብትሰማ ኖሮ ሁለት ስንኝ ታወጣላቸው ነበር።

በኔ እይታ አስናቀች ከትልልቆቹ የምትመደበው ቀድማ ስለወጣች አይደለም። ቀዳሚነት አጋጣሚም ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው በፍቅር ተጎድቶ እያለ በዚያው ትንፋሽ የጎዳውን ሰው መሳቂያ ማድረግ፣ ያንንም በጥቂት ጅማት ብቻ ማድረግ ግን አጋጣሚ አይደለም። ይህ ችሎታ ነው፤ ያውም ዕለት ዕለት በሰው ፊት የተሳለ።

ስለዚህ ስትሰሟት ለብቻችሁ አትስሟት። አማርኛው ጠለቅ ያለ አንድ ትልቅ ሰው፣ እናት ወይም አክስት፣ አጠገባችሁ አስቀምጡና ድምፁን ከፍ አድርጉት። የት ቦታ ላይ ፈገግ እንደሚሉ እዩ። እዚያ ቦታ ላይ አቁሙና «ምን አለች?» ብላችሁ ጠይቁ።