የጋርኒዬ ደረጃና ከሥሩ ያለችው ሴት

ፓሪስ ውስጥ ፓሌ ጋርኒዬ የሚባለውን የኦፔራ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጎበኝ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚገባው። ወርቁን፣ የጣሪያውን ሥዕል፣ ግዙፉን የክሪስታል መብራት ያይና «ጌጡ በዛ» ብሎ ይወጣል። ወቀሳው የቆየ ነው፤ ወርቁ ብቻ ለታየው ሰውም አይፈረድበትም። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን ሌላ ነገር ይገለጣል። እጅ የት እንደሚያርፍ፣ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ፣ ደረጃ የሚወጣ ሰው ዓይኑን ወዴት እንደሚጥል አንድ በአንድ ታስቦበታል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው።

አርክቴክቱ ሻርል ጋርኒዬ በ1861 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 171 ተወዳዳሪዎች የቀረቡበትን የቤቱን ንድፍ ውድድር ሲያሸንፍ የ35 ዓመት ወጣት ነበር። ግንባታው በጦርነት እየተቋረጠ 14 ዓመት ፈጀ፤ ቤቱ የተመረቀው በጃንዋሪ 5 ቀን 1875 ነው። በሥራው ላይ ከተሳተፉት አርቲስቶች መካከል ቀራጺዎቹ ብቻ 73 ነበሩ። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ሰባ ሦስት ሰው የየራሱን እጅ ይዞ ገብቶ የአንድ ቤት ሥራ መምሰሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ማየት የሚጀመረው ከታች ነው። ከታላቁ ደረጃ ሥር፣ በውሃ ገንዳ ላይ፣ አንዲት የነሐስ ሴት ባለ ሦስት እግር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፒቲያ ናት፤ በጥንቷ ግሪክ፣ በዴልፊው የአፖሎ መቅደስ ትንቢት ትናገር የነበረችው ካህን። ቀራጺዋ የመረጠችው መንፈሱ ሴትዮዋን የያዘበትን ቅጽበት ነው። ወገቧ ዞሯል፣ አንድ እጇ ወደ ፊት ተዘርግቷል፣ በጸጉሯ መካከል እባቦች ይሳባሉ። ከፊት ሲያዩዋት ፊቷ ያስፈራል። የሥራው ብስለት ያለው ግን ትከሻዋና ጀርባዋ ላይ ነው። አንዱ ትከሻ ሲነሣ ሌላው ዝቅ ይላል፣ በመካከላቸው ያለው ሥጋ ይሸበሸባል፣ አጥንቱ ከቆዳው ሥር ገፋ ብሎ ይታያል። ነሐሱ ላይ የሚንሸራተተው ብርሃን እያንዳንዱን ጡንቻ ለይቶ ያሳያል። ቀራጺዋ ለትከሻው የራሷን አካል በጂፕሰም አስቀድታ እንደ ሠራች ይነገራል፤ ያንን ጀርባ ላየ ሰው ይህ አይከብደውም።

ሥራው ላይ ያለው ስም «ማርሴሎ» ነው። የወንድ ስም ይሁን እንጂ ባለቤቱ አዴል ዳፍሪ የምትባል ስዊዘርላንዳዊት ዱቼስ ነበረች። በዚያ ዘመን የፓሪሱ የሥነ ጥበብ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሴት ተማሪ አይቀበልም ነበር፤ በሩ ለሴቶች የተከፈተው በ1897 ነው። እሷ ግን ፒቲያን በ1870 ለሕዝብ አሳየች፤ ጋርኒዬም አይቶ ለኦፔራው ወሰዳት። አዴል ያረፈችው በ1879፣ በ43 ዓመቷ ነው። ጋርኒዬ ይህችን ሐውልት ከደረጃው ሥር፣ ጥላው ከሚያርፍበት ቦታ ማስቀመጡን እንደ ትልቅ ጥበብ እቆጥረዋለሁ። ከላይ ሁሉም ነገር ነጭና ደማቅ ነው፤ ከሥሩ የተቀመጠችው የምትጨነቅ ጥቁር ሴት ናት። ዋሻ የሚመስል ቦታ ለትንቢት ተናጋሪ ይገባታል።

አሁን ደረጃውን እንውጣ። መርገጫው ነጭ የጣሊያን እብነ በረድ ነው። የመደገፊያው ትናንሽ አምዶች ቀይ፣ የቆሙበት መሠረት ደግሞ ከስዊድን የመጣ አረንጓዴ እብነ በረድ ነው። ከላይ፣ እጅ የሚያርፍበት ክፍል፣ ከአልጄሪያ የመጣ ኦኒክስ ነው። ኦኒክስ ብርሃን በጥቂቱ ያስገባል፤ ስለዚህ መደገፊያው ከውስጥ የሚሞቅ ይመስላል። ሦስት ቀለም በአንድ መደገፊያ ውስጥ ተጋጥሟል። አንዱን ቀይ አምድ ለብቻው እዩት። ሆዱ ሰፋ፣ አንገቱ ጠበብ ይላል፤ ጎኑ ተወልውሎ ያበራል። እብነ በረድ ላይ ይህን የመሰለ ጠመዝማዛ መስመር ማውጣት ከባድ ነው፤ አንዱን አስተካክሎ ከጎኑ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ማድረግ ደግሞ የባሰ ነው። የሠሩት እጆች ስም አልተጻፈም።

በደረጃው ግርጌ በግራና በቀኝ መብራት የተሸከሙ ሴቶች ቆመዋል። የአልቤር ካሪዬ-ቤሎዝ ሥራዎች ናቸው፤ ወጣቱ ኦጉስት ሮዳን ከመታወቁ በፊት የሠራው በዚህ ሰው ስቱዲዮ ነበር። ቀልጦ የፈሰሰ ነሐስ ይመስላሉ፤ አሠራራቸው ግን ለዘመኑ አዲስ በነበረ ዘዴ ነው። የሐውልቱ ሞዴል ቅርጽ ከተወሰደ በኋላ በመዳብ ውሁድ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት መዳቡ ከውሃው እየተለየ በቅርጹ ላይ ይጋገራል፤ ቀስ በቀስም ጠንካራ ቅርፊት ይሆናል። ዘዴው ከነሐስ ማፍሰስ ይረክሳል። ከዚያ በላይ ግን የቀራጺውን የጣት ምልክት ሳይቀር ይዞ ይቀራል። የልብሳቸውን እጥፋት ከቅርብ ያየ ሰው ይህን ይረዳል፤ ጨርቁ ጉልበት ላይ ሲወጠር፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲላላ፣ ልዩነቱ ጥርት ብሎ ይታያል። በ1875 ቤቱ የሚበራው በጋዝ ነበርና እነዚህ እጥፋቶች በሚወዛወዝ ነበልባል ሥር እንዲታዩ የተሠሩ ናቸው። የዛሬው ብርሃን አይንቀሳቀስም። የሐውልቶቹን ግማሽ ሕይወት ወስዶባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ከፍ ሲሉ ወደ ተመልካቾች አዳራሽ የሚያስገባውን በር ጁል ቶማ የሠራቸው ሁለት ሴቶች ይጠብቁታል፤ አንዷ ትራጄዲ፣ ሌላዋ ኮሜዲ ናት። ነሐሱና ባለ ቀለሙ እብነ በረድ በአንድ ገላ ላይ ተገጣጥሟል። ድንጋዩ ከብረቱ የሚገናኝበትን መስመር ዓይን ካልፈለገው አያገኘውም።

ወርቅ በዛ የሚሉትን የምመልሰው ታላቁ ፎዬ በሚባለው አዳራሽ ነው። ርዝመቱ 54፣ ከፍታው 18 ሜትር የሆነው ይህ አዳራሽ ከዳር እስከ ዳር በወርቅ የተለበጠ ይመስላል። አይደለም። ጋርኒዬ ወርቁን ያስቀባው ወጣ ያሉትንና ብርሃን የሚመታቸውን ክፍሎች ብቻ ነው፤ የቀረውን ወርቅማ ቀለም አስቀብቶታል። የአበባው ከንፈር እውነተኛ ወርቅ ነው፣ ጉድጓዱ ቀለም ነው። ብርሃኑ ሁለቱን አዋህዶ ለዓይን አንድ ያደርጋቸዋል። እንዲህ ያለው ቁጠባ ከብልሃት የሚመጣ ነው፤ ጥላውንም ያደምቀዋል። ሁሉም እኩል ቢያበራ ኖሮ ቅርጹ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀር ነበር።

እዚሁ ሳላችሁ አንድ ቅርጽ ተከተሉ፤ የግሪኮቹን ሊር። ለእኛ ዓይን እንግዳ አይደለም፤ ሁለቱ ምሰሶዎች፣ ቀንበሩና ጅማቱ ከክራራችን ጋር የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ጋርኒዬ ይህን መሣሪያ በአምዶቹ ራስ፣ በበሮቹ፣ በማሞቂያው ፍርግርግ ላይ ሳይቀር አስቀርጾታል። ከጣሪያው ጫፍ ላይም ኤሜ ሚዬ የሠራው አፖሎ የወርቅ ሊር ወደ ሰማይ አንሥቶ ቆሟል። ሞቅ ያለ አየር ለማስገባት ብቻ ለተሠራ የማሞቂያ ፍርግርግ ይህን ያህል ማሰብ! ቅርጹ በአምድ ራስ ላይ ቅጠል ለብሶ ይወፍራል፣ በብረት ላይ ይቀጥናል፤ የቁሱን ጠባይ እየተከተለ ይለወጣል።

ጋርኒዬ የራሱን ስም የት እንዳኖረው ማወቅ የሚፈልግ፣ በምድር ቤት ያለውን የደንበኞች ክብ አዳራሽ ይፈልግ። የጥንት ባለ ጠጎች ከሠረገላ ወርደው የሚገቡት በዚያ ነበር። በጣሪያው መካከል የተጠላለፈ ሐረግ የሚመስል ጌጥ አለ። ሐረጉን በትዕግሥት የተከተለ ሰው ፊደላት ያነባል፤ ዣን ልዊ ሻርል ጋርኒዬ፣ አርክቴክት፣ ከ1861 እስከ 1875። የሚያልፍበት ሰው ሁሉ ጌጥ አድርጎ ያየዋል።

በፓሪስ የምትኖሩም ሆነ ለሥራና ለዘመድ ጥየቃ የምታልፉ፣ ከፊት ለፊቱ ፎቶ ተነሥታችሁ ብቻ አትመለሱ። ፊት ለፊት የምታዩት ታዋቂው የቀራጺው ካርፖ «ዳንስ» በፖል ቤልሞንዶ የተሠራ ቅጂ ነው፤ ዋናው ኦርሴ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ፒቲያ ግን ዛሬም ጋርኒዬ ባኖራት ቦታ ናት። ትርኢት ሳትገቡ በቀን የጉብኝት ቲኬት መግዛት ይቻላል፤ ከታች ጀምሩ፣ ዞር ብላችሁም ጀርባዋን እዩ።