ደጋው በታሪኩ ውስጥ ምን ይሠራል?

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት መቼት የሚባለው፣ ታሪኩ የሚፈጸምበትን ጊዜና ቦታ በአንድነት የሚይዘው የትረካ አካል፣ ብዙ ጊዜ ከገጸ ባሕርይና ከሴራ በኋላ የሚነሣና በጥቂት መስመር ተገልጾ የሚታለፍ ጉዳይ ነው። በባሌ፣ በሮቤና በጎባ አካባቢ ለፊልም የሚሆን ታሪክ ሊጽፍ የተነሣ ሰው ግን በዚህ ቅደም ተከተል ሩቅ አይሄድም። ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣው መንገድ መንገደኛውን ከገብስ ማሳ አንሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ወዳለው ውርጭ ያወጣዋል፤ ከዚያም በሪራ በኩል ወደ ሐረና ጫካ ያወርደዋል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ውስጥ ስለሚሆን ቦታው ራሱ ሰውን ያቻኩላል፣ ያዘገያል፣ ልብስም ሐሳብም ያስለውጣል። እዚህ የሚቀርበው አስተያየት ጥቂት የኢትዮጵያ ፊልሞችንና አንድ ልብ ወለድን በአንድ ጥያቄ ብቻ ይመዝናል፤ ጥያቄውም አገሩ በታሪኩ ውስጥ ምን ይሠራል የሚል ነው። የሚያምር ተራራ ማሳየት ለዚህ መልስ አይሆንም፤ ተራራው አንድን ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግ ወይም እንዳያደርግ ካላስገደደው በታሪኩ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

ጥያቄውን በግልጽ ከመለሱት ሥራዎች ቀዳሚው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም የንጉሠ ነገሥቱ ሥርዓት ሲናወጥ በገጠር የተቀረጸ ሲሆን፣ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብን፣ ማለትም በሌላ ሰው መሬት ላይ እያረሰ ከምርቱ ለባለርስቱ የሚያስረክብ ቤተሰብን፣ ከንጋት ጀምሮ ሳይቸኩል ይከተላል። መጀመሪያ ላይ መዘግየቱ ተመልካቹን ያሰለቸው ይሆናል። ከብት ጠባቂዋ ልጅ ከብቱን አድናለሁ ስትል ጎርፍ ሲወስዳት ግን ያ ሁሉ ጊዜ ለምን እንደ ተወሰደ ይገባዋል፤ ወንዙንም፣ ከብቱንም፣ የልጅቷን የየዕለት ድካምም አስቀድሞ ስለሚያውቃቸው ሞቷ ድንገት የደረሰ አደጋ መሆኑ ቀርቶ ከሥራዋ የመጣ ይሆንበታል። የፊልም ጸሐፊ ከዚህ የሚማረው ዋና ነገር፣ አንድ ቦታ በመጨረሻ ሰው እንዲገድል ከተፈለገ ቀደም ብሎ ሰው ሲሠራበት መታየት እንዳለበት ነው።

በዚሁ ዳይሬክተር «ጤዛ» ውስጥ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በተከታዩ ዓመትም በፌስፓኮ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ባገኘው ፊልም፣ አንበርብር የተባለው ምሁር ከጀርመን ቆስሎ በጣና ሐይቅ አጠገብ ወዳለው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ፊልሙ ትልቅ ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ይሁንና ሐይቁና ጭጋጉ የአንበርብርን ሕልምና ትዝታ ለማስጌጥ የሚቀርቡባቸው ትዕይንቶች፣ ለውትድርና የሚታፈሱ ልጆች በዋሻ ከሚሸሸጉባቸው ትዕይንቶች ጋር ሲነጻጸሩ ደካሞች ናቸው። በዋሻው ትዕይንት ዐለቱ ሕይወት ያድናል፤ በሕልሙ ትዕይንት ግን ሐይቁ የሰውየውን ስሜት ከማጀብ ያለፈ ተግባር የለውም።

ከፊልም ወደ ልብ ወለድ ሲመጣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተለየ ትምህርት ይሰጣል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ የጎጃምን መልክዓ ምድር በሰፊው ሳይሥል ጎጃምን የሚያስጨብጠው፣ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ ማን በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ማን ቆሞ ማን ተቀምጦ እንደሚናገር በመዘርዘር ነው። በዛብህ በብጽአት፣ ማለትም ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት በገቡት ስእለት፣ የታሰረ ልጅ ነው፤ ሰብለ ወንጌል ደግሞ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት በትውልድ ክብር የታሰረች ናት። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የትምህርት ጊዜ በዚያ ቤት ውስጥ የሚፈቀደው ብቸኛ ቅርበት ስለሆነ፣ መምህርና ተማሪ የሚቀመጡበት ስፍራ ራሱ የፍቅሩ ሜዳ ይሆናል። ደራሲው በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ያለፉ ሰው መሆናቸው እዚህ ይታያል፤ የሚያውቁትን ሥርዓት ሳያብራሩ ገጸ ባሕርያቱን ያስኖሩበታል።

የዚህ ልብ ወለድ አስቸጋሪው ክፍል ለፊልም ሰው የጉዱ ካሣ ረጅም ንግግሮች ናቸው። በመጽሐፉ ውስጥ ሥርዓቱን የሚነቅፈው ይህ ሰው ለብዙ አንባብያን የመጽሐፉ ነፍስ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ ልብ ወለዱን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከውም ንግግሮቹ በድምፁ አማካይነት ሌላ ሕይወት አግኝተዋል። ድምፅ ብቻ ያለው ሬዲዮ ንግግርን ይሸከማል። ካሜራ ግን ለረጅም ጊዜ የሚናገር ሰው ፊት ለፊት ሲቆም የሚያሳየው አፍ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ጉዱ ካሣን ወደ ፊልም የሚያመጣ ጸሐፊ ሰውየው ከሚለው ይልቅ በዘመዶቹ ፊት የሚያደርገውን፣ ሰላምታ የሚነፍገውንና ከማን ጋር ለመቀመጥ እንደሚመርጥ ማሳየት ይጠበቅበታል። ንግግሩ ቢቆረጥ ቅር የሚለው አንባቢ ብዙ ነው፤ ሆኖም መቆረጡ ተገቢ ነው።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሲሆን፣ ኤፍሬም የተባለው ልጅ የሚወዳት በግ ለበዓል እንዳትታረድበት ሳምቡሳ እየሠራ በገበያ ይሸጣል። ወንድ ልጅ ማረስ እንጂ ማብሰል የለበትም የሚለው አጎት፣ ዝናብና እርሻ፣ የገበያ ቀን፣ የአውቶቡስ ዋጋ ሁሉም በልጁ ላይ ይሠራሉ። ተራራው የሚያምርበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ለባሌ ጸሐፊ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው ይህ ፊልም መነሻው ከባሌ ጋር በሚዋሰነው በአርሲ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተፈጸመ እውነተኛ የጠለፋ ታሪክ ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞቹ የሚደርሱባት ዛፍ በሌለው ገላጣ ሜዳ ላይ ነው፤ መሸሸጊያ የለም፣ ሩጫዋም ከፈረስ ጋር ነው። በባሌ በሲናና ወይም በአጋርፋ ሜዳ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ይህ ትዕይንት ለምን እንደሚያስፈራ ማስረዳት አያስፈልገውም። ታሪኩ ወደ አዲስ አበባ ቢሮና ፍርድ ቤት ሲሻገር ግን ሜዳው ሥራውን ያቆማል። ከዚያ የሚከብደው ጉድለት የአገር ሽማግሌዎቹ ሸንጎ በአማርኛ መካሄዱ ነው። በአርሲና በባሌ ኦሮሞ ሸንጎ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ተሰብሳቢው በአንድ ድምፅ ይቀበለዋል፣ ክርክሩም ከዚያ በኋላ ይከፈታል፤ ይህ ሥርዓት ከቋንቋው ሲነጠል ሸንጎው ተራ ስብሰባ ይመስላል፣ ጠላፊዋን በገደለችው ልጅ ላይ የሚወድቀው ፍርድ የሚመጣበት ክብደትም ይቀላል።

በባሌ ላይ የሚጻፍ ታሪክ የአካባቢውን የሥራ ዘመን አቆጣጠር ካልያዘ በሌላ አገር ወቅት ይጻፋል። በሰሜኑ ደጋ በሚታወቀው ልማድ ክረምት ይዘንባል፣ መስከረም ያብባል፣ ምርት በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል፤ በሲናና ሜዳ ግን ጋና እና ቦና የሚባሉ ሁለት የሰብል ወቅቶች ስላሉ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል፣ ሁለት ጊዜም ይታጨዳል። ኮምባይነር የሚከራይ ገበሬ፣ ዝናብ ሳይቀድመው ተራ የሚጠብቅ ጎረቤት፣ ስንዴው በማሳ ላይ እንዳይበቅል የሚጨነቅ አባወራ ለሴራ የሚበቃ ግጭት አላቸው። ከዚህም በላይ ጎዳንቱ የሚባለው፣ ከብትን እንደ ወቅቱ ከማሳ አካባቢ ወደ ከፍተኛው የሣር አምባና ወደ ጫካው የማዘዋወር ነባር ሥርዓት አለ። ቤተሰብ ሲከፈል፣ ወጣቱ ከከብቱ ጋር ወደ ውርጩ ሲወጣ፣ ሚስት በታች ከማሳው ጋር ስትቀር፣ የሚመለስበትን ቀን የሚወስነው ሣሩና ዝናቡ ነው።

ስለ ሳነቴ የሚሠሩ የተፈጥሮ ዘጋቢ ፊልሞች በአብዛኛው ይህን እረኛ ከምስሉ ያወጡታል። በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በመንጋ እየኖረ ብቻውን ያድናል፤ ከጅብራው ሥር በግዙፉ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን አቅንቶ ይቆያል፣ ከዚያም በድንገት ይዘልላል። ካሜራው ለዚህ ትዕግሥት ያለው መሆኑ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ቀበሮውን በተደጋጋሚ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ከእረኞች ውሾች ስለሆነ፣ እረኛው የሌለበት ፊልም የሞቱን ምክንያት ሳያሳይ ሞቱን ብቻ ያሳያል። እረኛው ያለ ውሻ ከብቱን ከጅብ ሊጠብቅ አይችልም፤ ውሻው ደግሞ ለቀበሮው አደጋ ነው። ሁለቱም ወገን ትክክል የሆነበት እንዲህ ያለ ግጭት በየትም ቀላል አይገኝም።

ሰውን ከሥራውና ከአገሩ ሳይነጥሉ በማሳየት ረገድ የሚጠቅመው አርአያ የጄሲካ በሺር «ፋያ ዳዪ» ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ጥቁርና ነጭ ዘጋቢ ፊልም በሐረር አካባቢ ስለ ጫት የተሠራ ሲሆን፣ ሰዎቹ በአፋን ኦሮሞ፣ በሐረሪና በአማርኛ እንደ ኑሯቸው ይነጋገራሉ። ጫት ትኩስ ሆኖ ካልተሸጠ ስለሚበላሽ መቁረጡ፣ ማሰሩና መጫኑ የፊልሙን ትርታ ይወስናሉ። በጎዳንቱ ላይ የሚጻፍ ፊልምም ከብቱ በሚሄድበት ፍጥነት መሄድ ይኖርበታል፤ በመንገድ ላይ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ፣ በሮቤ ገበያ የሚሰማው ቅይጥ አነጋገር፣ በመሥሪያ ቤት የሚቀርበው አማርኛ እያንዳንዱ በስፍራው መቀመጥ አለበት። ተዋናይ ሲመረጥም ኃይሌ ገሪማ በ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የካሜራ ልምድ የሌላቸውን ሰዎች እንዳሰለፈው ሁሉ፣ በሳነቴ ከብት የሚነዳውን ሰው በሳነቴ ከብት ሲነዳ የኖረ ሰው ቢጫወተው ይሻላል፤ ጉም ሲወርድ ከብቱን ወዴት እንደሚመልስ ዳይሬክተሩ ሊነግረው አያስፈልግም።