የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2፤ ስለ ልሳንና ስለ ማዕድ

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ምዕራፍ ከሚተረጕሙት ብዙዎቹ በእሳቱ ልሳን ላይ ቆመው ይቀራሉ። ምዕራፉ ግን ምእመናኑ ገንዘባቸውን አንድ አድርገው፥ በየቤቱ እንጀራ እየቈረሱ እንደ ኖሩ ተናግሮ ይፈጽማል። እንግዲህ ተልእኮ ከኑሮ አይለይም፤ ጸጋም በማዕድ ይመዘናል።

የሀገራችንን ነገር በዚህ እንመርምር። በ1959 ዓ.ም. የተመሠረተችው የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በ1964 ዓ.ም. በታሰሩ ጊዜ፥ ብዙዎች ወደ መሠረተ ክርስቶስና ወደ መካነ ኢየሱስ ተጠጉ። መሠረተ ክርስቶስም በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ፥ ምእመናኗ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው ጸለዩ፤ ቍጥራቸውም በዛ። ስደት የሰበሰበውን ግን ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ነጻነት በየስሙ ከፋፈለው።

በፈረንሳይ በሊዮን ከተማ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1973 የተመሠረተው ሼሜን ኔፍ የተባለው ማኅበር ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም ቤተ ክርስቲያኑን ሳይተው በአንድነት የሚኖርበት ነው። እንዲህ ያለው ኑሮ ያለ ስደት ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል።

ለዱርቤቴና ለቡሬ ሰው ይህ ሚዛን እንግዳ አይደለም። የጽዋ ማኅበርተኛ ደግነቱ የሚታወቀው በጸሎቱ ድምፅ አይደለም፤ ተራው ደርሶ በደገሰ ጊዜ ድሃውን ከማዕዱ በማስቀመጡ ነው። በልሳን የሚናገርም ሁሉ፥ ከማዕዱ ማንን እንዳስቀመጠ ይጠየቅ።